«ዘ አንስፖክን ኪንግ» ቅር ካሰኛችሁ ቀጥሎ የትኛውን ትሰማላችሁ?

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ቴክኒካል ዴዝ ሜታል (ፈጣንና ውስብስብ፣ በጉርምርምታ የሚዘፈን ከባድ ሮክ) የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው። ያለውም እርስ በርሱ አይተዋወቅም። አንዱ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱ ካዛንቺስ ቢሮው ውስጥ ኢርፎን ሰክቶ ሒሳብ ይሠራል። ሌላው ፒያሳ እናቱ ቤት በሩን ዘግቶ ይሰማል። ስለዚህ አዲስ ገቢውን «ከዚህ ጀምር፣ ያንን ለጊዜው ተወው» የሚለው የለም። ዩቲዩብ ያቀረበለትን ይጫናል። የባንዱን ስም የሆነ ቦታ ሰምቷል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ድምፁ ጥርት ያለውን፣ ዓመቱም ቀረብ ያለውን አልበም ይመርጣል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ «ይሄ ነው እንዴ ያን ያህል የተወራለት?» ብሎ ይዘጋዋል።

እንዲህ ሰው ከሚያባርሩ አልበሞች አንዱ የካናዳው ክሪፕቶፕሲ በ2008 ያወጣው «ዘ አንስፖክን ኪንግ» ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ይህ ጽሑፍ አልበሙን ሰምቶ ቅር ላለው ሰው ነው፤ ሊሰማው አስቦ ላመነታም ይሆናል። እዚያው መቆየት ይቻላል። ወደ ባንዱ የቀድሞ ሥራ መመለስ ይቻላል። ወደ ኋለኛው መሻገር ይቻላል። ባንዱን ጭራሽ ትቶ ወደ ሌላ መሄድም አለ። የቱ እንደሚሻል የሚወሰነው ግን አልበሙ ውስጥ ምን እንዳናደዳችሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንለይ።

ምኑ ነው ያልተሳካው?

ክሪፕቶፕሲ የሞንትሪያል አካባቢ ባንድ ነው። የመጀመሪያ አልበሙን በ1994 አወጣ። በ1996 «ነን ሶ ቫይል»ን ሲያስከትል የዘርፉ ማመሳከሪያ ሆነ። ዛሬም ቴክኒካል ዴዝ ሜታል ሲነሳ ስሙ ከፊት ከሚጠሩት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲቀያየር ኖረ። ድምፃዊው ሎርድ ዎርም ወጣ፣ ማይክ ዲሳልቮ ገባ። እሱም ወጣ። ሎርድ ዎርም ተመልሶ በ2005 አንድ አልበም ሠራና እንደገና ሄደ። የቀድሞዎቹን አልበሞች ቅርጽ ካስያዙት ጊታሪስቶች ዋናው ዮን ሌቫሱርም በ2005 ለቆ ነበር። በ2008 ማይኩን የያዘው ማት መጋቺ የሚባል አዲስ ልጅ ነው። ማጊ ዱራንድ የምትባል ኪቦርድ ተጫዋችም ተጨመረች።

ጊዜውን አስቡት። ዴዝኮር የሚባለው ስልት በጣም የጋለበት ወቅት ነበር። ዴዝኮር ዴዝ ሜታልን ከሃርድኮር ጋር ያዳቀለ ነው፤ መለያው ብሬክዳውን ነው። ፍጥነቱ ድንገት ይወድቃል፣ ጊታሩ በከባዱ ይመታል፣ ተመልካቹ ይዘላል። «ዘ አንስፖክን ኪንግ» ይህን አስገባ። ከዚያም አልፎ ንጹሕ ዜማ አስገባ፤ ማለትም ጉርምርምታውን ትቶ እንደ ማንኛውም ዘፋኝ የሚያዜም ድምፅ። ኪቦርዱም ከኋላ ጭጋግ ይሠራል። የድሮው አድማጭ ጮኸ። «ለገበያ ሸጡን» ተባለ።

እኔ ግን በዚህ ክስ አልስማማም። ንጹሕ ዜማ ኃጢአት አይደለም፤ ብሬክዳውንም አይደለም። ፍሎ ሙኒዬ እዚህም ድራሙን እንደ ወትሮው ነው የሚያነደው። እጁ አልዘገየም፣ እግሩም አልዛለም። የችሎታ ችግር የለም። ችግሩ ክፍሎቹ አለመነጋገራቸው ላይ ነው። ዘፈኑ ይሮጣል። ይቆማል። ብሬክዳውኑ ይመጣል። እሱ ሲያልቅ ዜማው ይከተላል። የሠርግ ቡፌ ላይ ሩዙንም፣ ፓስታውንም፣ ክትፎውንም አንድ ሳህን ላይ የከመረ ሰው ታስታውሳላችሁ? እያንዳንዱ ለብቻው ደህና ነው፤ አንድ ላይ ግን ምግቡ ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ለዚህ ዘርፍ አንድ ቀላል መፈተኛ አለኝ። አልበሙ ካለቀ በኋላ ሙዚቃውን ዝጉና ጠረጴዛው ላይ በጣታችሁ አንድ ሪፍ (ተደጋግሞ የሚመጣ የጊታር ሐረግ) መታ መታ አድርጉ። የመጣላችሁ ነገር ካለ አልበሙ ዘፈን አለው። ምንም ካልመጣ ሰዎቹ የቱንም ያህል ቢፈጥኑ የሰማችሁት ልምምድ ነው። «ዘ አንስፖክን ኪንግ»ን እንዲህ ስትፈትኑት ትዝ የሚላችሁ «እዚህ ጋ ተቀየረ» የሚለው ብቻ ነው። ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ አይመጣላችሁም።

እንግዲህ ምን እንዳናደዳችሁ ጠይቁ። ዜማውና ኪቦርዱ ከሆነ መንገዳችሁ ወደ ኋላ ነው። መገጣጠሙ ከሆነ ሌላ ባንድ ያስፈልጋችኋል። ጉርምርምታው ራሱ ከሆነ ደግሞ ችግሩ አልበሙ ላይ አይደለም፤ ለእናንተም ከታች አንድ ነገር አለኝ።

እዚያው መቆየት ያዋጣል?

ለሁለት ዓይነት ሰው ያዋጣል። ከዴዝኮር ወደ ዴዝ ሜታል እየተሻገረ ያለ አድማጭ ይህን አልበም እንደ ድልድይ ሊጠቀምበት ይችላል። ብሬክዳውኑን ያውቀዋል፤ በመሀል ያለውን ሩጫ ደግሞ እግረ መንገዱን ይለምዳል። ሁለተኛው ድራም የሚማር ሰው ነው። ሙኒዬን መስማት ሁልጊዜም ትምህርት ነው። ለሌላው ሰው ግን ከ40 ደቂቃ በላይ የሚረዝም አልበም ነው። ያንን ጊዜ የሚክሱ ሌሎች አሉ።

ወደ ኋላ፦ «ነን ሶ ቫይል»

ስምንት ዘፈን፣ 32 ደቂቃ ገደማ። ከአራት ኪሎ በአምባሳደር አድርጋችሁ ወደ ስታዲየም በእግራችሁ ብትወርዱ መንገዱ ላይ ያልቃል። ከ2008ቱ ጋር ስታነጻጽሩት መጀመሪያ የምታስተውሉት አጭርነቱን ነው። ትርፍ ነገር የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቤዝ ጊታሩ ነው። በብዙ የዴዝ ሜታል አልበም ቤዝ አለ ከመባል በቀር አይሰማም፤ በጊታሩ ሥር ይቀበራል። እዚህ ኤሪክ ላንግሎዋ ፈንኪ በሆነ አመታት እየመታ ከፊት ይወጣል። «ፎቦፋይል» የሚለው ዘፈን በፒያኖ ይጀምራል፤ ከዚያ ቤዙ ብቻውን ይገባል፤ ከዚያ ሁሉም ይፈርሳል። እዚህ ጋ ከ2008ቱ ጋር ያለውን ልዩነት በግልጽ ትሰማላችሁ። ፒያኖም እኮ ለዴዝ ሜታል ባዕድ ነው፤ የኪቦርድ ዘር ነው። ግን ቤዙ ፒያኖው የተወለትን ስሜት ይዞ ይቀጥላል፣ ጊታሩም ከቤዙ ይቀበላል። ባዕድ ነገር ማስገባት ሁልጊዜም ይቻላል ማለት ነው፤ የሚቀበለው ሲኖር።

ድምፃዊው ሎርድ ዎርም የራሱ ጉዳይ ነው። ቃል አይሰማም። ይጮሃል፣ ይተፋል፣ ያንኮራፋል። አንድ የሠፈራችን ልጅ ለግማሽ ደቂቃ ሰምቶ ኢርፎኑን እየመለሰልኝ «ጋሼ፣ ሰውየውን አሞታል እንዴ?» ብሎኛል። ምክሬ ይህ ነው፦ ድምፁን እንደ አንድ ተጨማሪ ከበሮ ስሙት። ቃል አትፈልጉበት። የግጥሙን ወረቀት ከፊታችሁ ብትዘረጉት እንኳ መከተል ያስቸግራል።

ስለ ሽፋኑ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሥዕሉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊት ሠዓሊ ኤሊዛቤታ ሲራኒ ሥራ ነው። ሄሮድያዳ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ ይዛ። አውሮፓ ውስጥ ያለ አድማጭ እንደ አንድ የድሮ ሥዕል አይቶት ያልፋል። እኛ ጋ ዓመቱን በቅዱስ ዮሐንስ ስም የምንጀምር ሰዎች ነን። ስልኩን ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ከተዋችሁት እናታችሁ ይጠይቋችኋል። መልስ አዘጋጁ፤ ወይም ስልኩን ገልብጡት።

አልበሙ ጉድለት የለውም እያልኩ አይደለም። ድምፁ ሻካራ ነው። ዛሬ የምንለምደው የጠራ ቅጂ አይደለም። ከ2008ቱ አልበም ወደዚህ ስትመጡ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከጭቃ ውስጥ የሚወጣ ነገር የምትሰሙ ይመስላችኋል። ጆሮ ይለምዳል። ካልለመደ አትጨነቁ፤ ሦስተኛው መንገድ የተሠራው ለእናንተ ነው።

ወደ ፊት፦ የ2012ቱ እና ከዚያ ወዲህ

በ2012 ባንዱ በራሱ ስም የተሰየመ አልበም አወጣ። በራሳቸው ነው ያሳተሙት። ሌቫሱር ለዚህ ተመልሶ ነበር። ድምፃዊው ያው መጋቺ ነው፤ ንጹሑ ዜማ ግን የለም፣ ኪቦርድ ተጫዋቿም የለችም። የድሮው እብደት በአዲስ ድምፅ ጥራት ተመልሷል፤ መሀል ላይ ጃዝ የሚመስሉ እረፍቶች አሉበት። ለኔ እንደ «ነን ሶ ቫይል» አያስደነግጥም። ግን የጠራ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው መግቢያነቱ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የ2008ቱን ጥፋት መጋቺ ላይ የጫኑ ሰዎች እዚህ ይታረማሉ። ሰውየው ጥሩ ዘፈን ሲሰጠው ጥሩ ይጮሃል። በ2023 የወጣው «አዝ ጎሞራ በርንስ» ደግሞ በካናዳ የጁኖ ሽልማት አግኝቷል። እሱም እርግጠኛ ምርጫ ነው፤ ግን በቅደም ተከተል ከ2012ቱ ቀጥሎ ስሙት።

ከባንዱ ውጭ

«ክሪፕቶፕሲ በቃኝ» ላላችሁ ምርጫው ሰፊ ነው። ሁሉንም መዘርዘር አልፈልግም። የ2008ቱ አልበም ምን እንደጎደለው የሚያሳዩትን ብቻ ልጥቀስ።

መጀመሪያ ዴዝ የተባለው ባንድ፣ «ሂውማን»፣ 1991። ባንዱ የቸክ ሹልዲነር ነው። ፍሎሪዳ ያደገ፣ ታኅሣሥ 2001 በ34 ዓመቱ ያረፈ ጊታሪስት። ለዚህ አልበም ሲኒክ ከሚባለው ባንድ ፖል ማስቪዳልንና ሾን ራይነርትን ጠራ፤ ቤዙን ስቲቭ ዲ ጆርጆ ያዘ። ሁሉም ወጣቶች ነበሩ፣ ሁሉም ከሱ የተለየ ጆሮ ነበራቸው። ራይነርት የጃዝ ፍቅር ያለው ድራመር ነበር። ይህም ከ2008ቱ ክሪፕቶፕሲ ጋር አንድ ዓይነት ሙከራ ነው፦ አዲስ ሰው፣ አዲስ ስልት፣ አሮጌ ስም። ልዩነቱ ሹልዲነር ዘፈን መሥራት ማወቁ ነው። እያንዳንዱ ሪፍ ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስ ትንሽ ተቀይሯል። የጠረጴዛውን ፈተና ያለ ምንም ችግር ያልፋል። ቴክኒካል ዴዝ ሜታልን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው አንድ አልበም ብቻ ስጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምሰጠው። ጉርምርምታው ላስቸገራችሁም መልሴ ይኸው ነው። እዚህ ቃሉ በከፊል ይሰማል፤ አንድ ዘፈን ደግሞ ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ ነው። ከእሱ ጀምሩ።

ሁለተኛው ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ጎርገትስ፣ «ኦብስኩራ»፣ 1998። እነሱም የኬቤክ ልጆች ናቸው፤ ከክሪፕቶፕሲ ጋር አንድ ክፍለ ሀገር። በ1993 ሁለተኛ አልበማቸውን ካወጡ በኋላ አሳታሚያቸው ተዋቸው። መሪያቸው ሉክ ሌሜ ከጓደኞቹ ጋር ማንም ያልጠየቃቸውን ሙዚቃ መሥራት ጀመረ። ውጤቱ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ጊታሮቹ የሚያቃስቱበት፣ ምቱ የሚደነቃቀፍበት አልበም ነው።

ይህን አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው «ተበላሽቷል» ይላል። ትክክል ነው፤ ሆን ተብሎ ነው የተበላሸው። ግን ሲደጋገም ብልሽቱ ሕግ እንዳለው ይገባችኋል። እዚህ ጋ የኛ ጆሮ ትንሽ ብልጫ ሳይኖረው አይቀርም። አንቺሆዬ ቅኝትን ሰምቶ ያደገ ሰው ጎን ለጎን የቆሙ ጠባብ ርቀቶች ሲጎነታተሉ አይደነግጥም። ጎርገትስ አንቺሆዬ ይጫወታል ማለቴ አይደለም፤ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። «ያልተስተካከለ» ድምፅ የራሱ ውበት እንዳለው ግን በልጅነታችን ተነግሮናል። ምቱ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጭክጭካን የለመደ ሰው አካሉ ስድስቱን ምት ይጠብቃል። «ኦብስኩራ» ያንን አይሰጠውም። አትቁጠሩ። የድራሙን ስኔር (ጠንከርና ጥርት ብሎ የሚሰማውን ከበሮ) ብቻ ተከተሉ፤ እሱ ያደርሳችኋል።

«ኦብስኩራ» ከ2008ቱ ክሪፕቶፕሲ በላይ አድማጭን ይፈታተናል። ግን በሆነ ነገር የተማመነ አልበም ነው። ለዚህ ነው ከብዙ ዓመት በኋላም ባንዶች የሚቀዱት። ከበዛባችሁ ይኸው ባንድ በ2013 ያወጣው «ከለርድ ሳንድስ» ለስለስ ይላል፤ ስለ ቲቤት ነው፣ መሀሉ ላይም ለገመድ መሣሪያዎች ብቻ የተጻፈ ሙዚቃ አለው።

ሦስተኛው ምርጫ ለጊታር ሰው ነው፦ ኔክሮፋጂስት፣ «ኤፒታፍ»፣ 2004። ባንዱ የቱርክ ዝርያ ያለው ጀርመናዊ መሐመድ ሱኢችሜዝ ነው ማለት ይቻላል። በ1999 የመጀመሪያውን አልበም ድራሙን በኮምፒዩተር አድርጎ ብቻውን ሊባል በሚችል መልኩ ሠራው። «ኤፒታፍ» ላይ ሙሉ ባንድ አለው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አልበም የለም። አድናቂው ስንት ዓመት እንደጠበቀ አትጠይቁ። ሙዚቃው ንጹሕ ነው፣ ልክ ነው፣ ሶሎዎቹ ይዘመራሉ። የሚተቹት «ቀዝቃዛ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን ቅዝቃዜው የተመረጠ ነው፣ አልበሙም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው።

ፍጥነት ብቻ የሚፈልግ አርክስፓየርን ይያዝ። የቫንኩቨር ልጆች ናቸው። «ስቴይ ቴክ» የሚል መፈክር አላቸው። «ብሊድ ዘ ፊውቸር» የተባለው የ2021 አልበማቸው በ2022 የጁኖ ሽልማት አግኝቷል። ድምፃዊው ቃላትን እንደ ራፐር ይተኩሳል። ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለሚኒባስ ወረፋ ይበቃል። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ ብዙ የሚባል የለም፤ ወይ ትስቃላችሁ ወይ ይደክማችኋል።

ቅር ያሰኙ፣ ግን የተካሱ

«ዘ አንስፖክን ኪንግ» ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል። በወጡበት ጊዜ የተጠሉ፣ ኋላ ግን የተወደዱ የቴክኒካል ዴዝ ሜታል አልበሞች አሉ። ይህስ ከእነሱ አንዱ ሊሆን አይችልም?

1993ን ውሰዱ። የኔዘርላንዱ ፔስቲሌንስ «ስፊርስ»ን አወጣ። የጊታር ሲንተሳይዘር አስገብተው ነበር፤ ድምፁ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ይመስላል። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣውን «ቴስቲሞኒ ኦቭ ዚ ኤንሸንትስ» የወደደው አድማጭ አልተቀበለውም። ባንዱም ብዙም ሳይቆይ ተበተነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ኤቲስት «ኤለመንትስ»ን አወጣ። ቤዝ ተጫዋቻቸው ሮጀር ፓተርሰን በ1991 በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር፤ ባንዱም ከዚያ በኋላ ተናግቶ ነበር። አልበሙን የሠሩት ከኩባንያቸው ጋር ያለባቸውን ውል ለመጨረስ በጥድፊያ ነው። የላቲን ምትም ጃዝም አለበት። የሲኒክ «ፎከስ»ም የዚያው ዓመት ልጅ ነው፤ ሮቦት በሚመስል ድምፅ የሚዘፈንበት፣ ብዙ የዴዝ ሜታል ሰው በጊዜው ግራ የተጋባበት። ዛሬ ሦስቱም አድናቂ አላቸው፤ «ፎከስ» እንደውም ከዘርፉ ታላላቆች ይቆጠራል።

እነዚህን ከ2008ቱ ጋር ጎን ለጎን ስሙና ፍረዱ። «ስፊርስ» ያልሰመረለት ብዙ ነገር አለ፤ ግን ሌላ ማንም ባንድ ሊሠራው የማይችል አልበም ነው። ሲንተሳይዘሩን ብታወጡት ዘፈኖቹ ይሞታሉ። ከ«ዘ አንስፖክን ኪንግ» ኪቦርዱን ብታወጡት ምንም አይጎድልም። ንጹሑን ዜማም ብታወጡት አይጎድልም። እንዲያውም በጊዜው የነበሩ ብዙ ባንዶች ይህንኑ አልበም ሊሠሩት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ጊዜ ይክሰዋል ብዬ አልጠብቅም። ከመውጣቱ ብዙ ዓመት አልፏል፤ አልካሰውም።

ሁለተኛ ዕድል መስጠት ከወደዳችሁ ለ«ኤለመንትስ» ስጡት። የተቻኮለ አልበም መሆኑ ይሰማል፤ ግን ሰዎቹ ሲቻኮሉ እንኳ እየተጫወቱ ነው። ለአዲስ አበባ ጆሮ ደግሞ የላቲኑ ምት ከሌሎቹ ይቀርባል።

ከተማችን ውስጥ እንዴት ትሰሙታላችሁ?

ይህ ክፍል ቀልድ አይደለም። ቅር ያሰኛችሁ አልበሙ ሳይሆን የሰማችሁበት ፋይል ሊሆን ይችላል።

ዴዝ ሜታል ለተጨመቀ ድምፅ ክፉ ነው። ሲምባሉ አያቋርጥም፣ ጊታሩ ሁለት ነው፣ ደብል ኪኩ (በሁለት እግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይመታል። ፋይሉ በጣም ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚበላሸው ሲምባሉ ነው፤ እንደ ውኃ ይሆናል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፋይል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ሙዚቃ በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በ128 ደግሞ አንድ ሜጋ ገደማ። የ32 ደቂቃ አልበም በ320 ከ77 ሜጋ አይበልጥም። ለአንድ አልበም ይህ ብዙ ዳታ አይደለም። አንድ ጊዜ ዋይፋይ ካለበት አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። በየቀኑ በዩቲዩብ ቪዲዮ ከመስማት ይረክሳል፤ መብራት ቢሄድም ኔትወርክ ቢደክምም አያቋርጥም።

በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት ከእነዚህ ብዙዎቹ ባንድካምፕ ላይ አሉ። እንቅፋቱ ክፍያው ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ከጫማ ይልቅ አልበም እንዲልክላችሁ ጠይቁ። «ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» ካለ ስሙን ብቻ ስጡት፤ ሽፋኑን አታሳዩት።

ኢርፎኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መንገድ ላይ የሚሸጡት ርካሾቹ አብዛኛዎቹ ቤዝ የሚያጋንኑ ናቸው። ለአማርኛ ፖፕም ለአፍሮቢትስም ደስ ይላሉ። ለዚህ ሙዚቃ ግን ደብል ኪኩን ወደ አንድ ረጅም ጉርምርምታ ይቀይሩታል፤ የላንግሎዋም ቤዝ ይጠፋል። ከመግዛታችሁ በፊት «ፎቦፋይል»ን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ሞክሩ። የቤዙ ጣት ተለይቶ ከተሰማ ግዙ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድ አትፈሩ። ኢርፎን መቀየር ካልቻላችሁ የስልኩን ኢኳላይዘር ክፈቱና ዝቅተኛውን ድምፅ ትንሽ ቀንሱ።

የት? ቤተሰብ ቤት የሚኖር ሰው ምርጫው ውስን ነው። እኔ የምወደው በእግር እየሄዱ መስማት ነው፤ ከተማው መሀል አሁን ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አለ። መኪና ስታቋርጡ ግን አንዱን ጆሮ ክፍት አድርጉ፤ ጥሩምባ ከብላስት ቢት (ያለ እረፍት ከሚወርደው ፈጣን የድራም ውርጅብኝ) አይለይም። ሚኒባስ ውስጥ አይሆንም። የረዳቱም ሙዚቃ አለ፣ የሾፌሩም ሬድዮ አለ፣ «ኦብስኩራ»ን ከዚያ ጋር ቀላቅሎ መስማት ለማንም አልመክርም።

ሮክ ራሱ አዲስ የሆነባችሁ ካላችሁ፣ ከጃኖ ባንድ ጀምሩ። በ2012 የወጣው «ኤርታሌ» በኛ ቋንቋ፣ በኛ ዜማ፣ በተዛባ ጊታር ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነበር። ይኸው ሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፔይንኪለር በሚባል ባንድ ውስጥ በብላስት ቢት የታወቀው ባንድ የናፓልም ዴዝ የቀድሞ ድራመር ከሆነው ከሚክ ሃሪስ ጋር ቤዝ ይጫወት ነበር። ከጃኖ እስከ ብላስት ቢት የአንድ ሰው ርቀት ነው ማለት ነው። ከ«ኤርታሌ» በኋላ «ሂውማን»ን ሞክሩ፣ ከዚያ «ነን ሶ ቫይል»ን። «ዘ አንስፖክን ኪንግ»ን ስልካችሁ ላይ ካወረዳችሁት አጥፉት፤ ድራም የምትማሩ ከሆነ ብቻ አቆዩት።